በአማርኛ የሚጻፍ ፀረ አይሁድ ጥላቻ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? አለካኩ

አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ ቢሮ ይዞ በማኅበራዊ ሚዲያ በአማርኛ የሚጻፈውን ፀረ አይሁድ ጥላቻ የሚከታተል ቡድን ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ገና ከቃል ፍለጋው ነው። «አይሁድ» ብላችሁ ብትፈልጉ «አይሁዶች» እና «አይሁዳውያን» ያመልጧችኋል፤ «ድ» ወደ «ዶ» እና «ዳ» ተለውጧልና። «አይሁ» ብላችሁ ብታሳጥሩት ደግሞ «አይሁን» ያለ ሁሉ ይገባል። ስለዚህ «አይሁድ»፣ «አይሁዶ»፣ «አይሁዳ» እና «ይሁዲ» ለየብቻ ይፈለጉ። ከዚያ በፊት ዐ እና አ፣ ሐ፣ ኀ እና ሀ፣ ሠ እና ሰ፣ ፀ እና ጸ ወደ አንድ ፊደል ይምጡ። ሥራው ከተጀመረ በኋላ ዝርዝሩን አትንኩ፤ መሃል ላይ ቃል ቢጨመር ምንም ሳይለወጥ ቁጥሩ ያድጋል።

የተገኘው ሁሉ ጥላቻ አይደለም። በሰሙነ ሕማማት «አይሁድ» የሚለው ቃል በየገጹ ይበዛል፤ ያንን ሳምንት ከአምናው ሰሙነ ሕማማት ጋር እንጂ ካለፈው ሳምንት ጋር አታወዳድሩ። የወንጌልን ቃል መጥቀስ ጥላቻ አይደለም፤ በክርስቶስ ሞት ዛሬ ያለውን አይሁዳዊ መወንጀል ግን ነው። የእስራኤልን መንግሥት መንቀፍ ብቻውን አይቆጠርም፤ «አይሁድ ሁሉ እንዲህ ናቸው» ብሎ ሕዝቡን መፈረጅ ይቆጠራል። «ቡዳ» የሚቆጠረው በቤተ እስራኤላውያን ላይ ሲለጠፍ ነው፤ ስድቡ ለዘመናት የተወረወረባቸው ስለሆነ እንዳይዘለል።

ሦስት ሰዎች ቀኑ የተሸፈነ 200 ጽሑፍ ለየብቻ ያንብቡ። ጽሑፉ ሐማስ እስራኤልን ካጠቃበት ከጥቅምት 7፣ 2023 እ.ኤ.አ. በኋላ የተጻፈ መሆኑን ያወቀ አንባቢ ጥላቻ ጠብቆ ያነባል። ስምምነታቸው በክሪፐንዶርፍ አልፋ (የአንባቢዎችን ስምምነት በሚለካ ቀመር፤ 1 ሙሉ ስምምነት ነው) 0.80 ካልደረሰ መመሪያውን አስተካክላችሁ በአዲስ 200 ጽሑፍ ድገሙ።

ድርሻውንም አስሉ። በአንድ ሳምንት ከ2,000 ጽሑፍ 40፣ በሚቀጥለው ከ4,000 ጽሑፍ 60 ጥላቻ ቢገኝ ብዛቱ ጨምሯል፣ ድርሻው ግን ከ2 በመቶ ወደ 1.5 ወርዷል። ይህም ቢሆን በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ልዩነት ስለሆነ «ቀነሰ» ብላችሁ አታውጁ።

እያንዳንዱን ጽሑፍ በተለጠፈ በ24 ሰዓት ውስጥ ሰብስቡ። ያለፈውን ወር ዛሬ ብትሰበስቡ የተሰረዘው ስለማይገኝ ወሩ የጸዳ ይመስላል። ሰዓቱ በዓለም አቀፍ አቆጣጠር (UTC) ከተመዘገበ 3 ሰዓት ጨምሩ፤ አለበለዚያ አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የተጻፈው በትናንቱ ይቆጠራል። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለወራት ተገድበው ነበር፤ ያን ጊዜ የሚጽፈው ቪፒኤን ያለው ወይም ውጭ አገር የሚኖር ነው። በግራፉ ላይ እነዚያን ወራት ባዶ ተዉ፣ ከዚያ በፊት ያለውን ከኋላው ጋር በመስመር አታገናኙ።