ባትሪው ሞቷል ከማለታችሁ በፊት፦ ያረጀ ሶላር ችግርና መፍትሄው

አባዬ ቢቸና አጠገብ ባለው ቤታቸው ሶላር ካስተከሉ 8 ዓመት ሆናቸው። ለፋሲካ ስሄድ "ልጄ፣ ባትሪው ሞቷል፤ ሌላ ይገዛ" አሉኝ። ከተገዛ ግን ዓመት እንኳ አልሞላውም። ለገበሬ አንድ ባትሪ የስንት ጤፍ ዋጋ እንደሆነ ታውቃላችሁ። እኔም ሳልለካ አልገዛም ብዬ ቴስተር ይዤ ተነሳሁ።

መብራቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይጠፋል

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ባትሪው ሞልቶ ነው ወይስ ሳይሞላ የመሸው የሚለው ነው። ፀሐይ ከገባች በኋላ ምንም ሳታበሩ ሁለት ሰዓት ያህል አሳርፉትና ለኩት። ባለ 12 ቮልት የአሲድ ባትሪ 12.7 ካሳየ ሙሉ ነው። 12.2 አካባቢ ከሆነ ግማሽ ነው። ከ11.8 በታች ከወረደ ባዶ ነው በሉት።

ሙሉ አሳይቶ ሁለት አምፖል ሲበራ ቁልቁል የሚወርድ ከሆነ በቃ፣ አርጅቷል። መቀየር ነው። ሳይሞላ የሚመሽ ከሆነ ግን አዲስ ብትገዙም ያው ነው። የአባዬ 12.1 አሳየኝ። በዚህ ላይ፣ በየቀኑ ሳይሞላ የሚያድር የአሲድ ባትሪ ውስጡ ሰልፌት ይጋገርበትና ያለ ዕድሜው ይሞታል። የፊተኛውም የተጣለው በዚሁ ይመስለኛል።

ጣራ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። 9 ሰዓት ሲሆን የባሕር ዛፉ ጥላ መጣና የፓኔሉ ጥግ ላይ አረፈ። ሶላሩ ሲተከል ችግኝ የነበረ ዛፍ ነው። ጥላው ከመዳፍ ብዙ አይበልጥም፤ ቴስተሩ ላይ ግን አምፔሩ ወዲያው አሽቆለቆለ። የፓኔል ሴሎች በቀጭን መንገድ ተከታትለው እንደሚሄዱ አህዮች ናቸው። አንዷ ከቆመች የኋላዎቹም ይቆማሉ። አዊ በኩል ያላችሁ ደግሞ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተጠንቀቁ፤ በጥቂት ዓመት ጣራ ያልፋል።

መፍትሄው ቅርንጫፉን መቁረጥ ወይም ፓኔሉን ማዛወር ነው። ስታዛውሩ ፊቱን ወደ ደቡብ፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ አዘንብሉት፤ ዝናቡም አቧራውን ይዞት ይወርዳል። በበጋ ግን ጠዋት ሳይግል በውሃና በለስላሳ ጨርቅ አጽዱት።

ትልቅ ፓኔል ተገዛ፣ ለውጥ የለም

ጥፋቱ ኮንትሮለሩ ላይ ነው፤ ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረው ሳጥን ማለት ነው። የድሮዎቹ አብዛኞቹ ፒደብሊውኤም (PWM) የሚባሉት ናቸው። የፓኔሉን ቮልት ጎትተው ከባትሪው ጋር እኩል ያደርጉታል። በ32 ቮልት የሚሠራ ባለ 300 ዋት ፓኔል ከእነዚህ ጋር ሲገጠም ከግማሽ በላይ ጉልበቱ ይባክናል። የሚያስፈልገው ትርፉን ቮልት ወደ አምፔር የሚቀይረው ኤምፒፒቲ (MPPT) ነው። ገበያ ላይ ግን "ኤምፒፒቲ" የሚል ጽሑፍ ብቻ የተለጠፈባቸው አሉ። እውነተኛው ውስጡ የመዳብ ጥቅል ስላለው ከበድ ይላል። ፀሐይ ሲጠነክርና ባትሪው ገና ሲሞላ የፓኔሉን ገመድ ለኩ። እንደ ባትሪው 13 ምናምን ካሳየ ተሸውዳችኋል።

አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ገመዱ ይሞቃል

ሽቦው ቀጥኗል። 10 አምፔር በባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ 10 ሜትር ርቆ ሲሄድ ደርሶ መልሱ 1.4 ቮልት ይበላል። ከ12 ቮልት ላይ ይሄ ብዙ ነው። ባለ 6 ካሬ ሲሆን ወደ 0.6 ይወርዳል። የባትሪውን ራስም እዩ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከያዘ ፈታችሁ በቤኪንግ ሶዳና በለብ ያለ ውሃ እጠቡ፤ ከደረቀ በኋላ ግሪስ ቀቡት።

ባትሪው በእርግጥ ካረጀ

አዲሱን ከአሮጌው ጋር አታጣምሩ፤ አሮጌው አዲሱን ይዞት ይሞታል። አቅም ካለ ሊትየም ብረት ፎስፌት ይሻላል። የአሲድ ባትሪ ዕድሜ እንዲኖረው ከግማሽ በታች አይወርድበትም፤ ከሊትየሙ ግን 80 በመቶውን መጠቀም ይቻላል። ኮንትሮለሩ ሊትየም የሚል ምርጫ ያለው መሆኑን ግን ሳትገዙ አረጋግጡ።

ስትገጥሙ ከኮንትሮለሩ ጋር መጀመሪያ ባትሪውን፣ ከዚያ ፓኔሉን አገናኙ። ስትፈቱ ተቃራኒውን። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ፊውዝ ይግባ፤ ሳር ክዳን ቤት ከሆነ ያለ ፊውዝ አንድ ቀን እንኳ አታሳድሩት።

የአባዬ ባትሪ አልተቀየረም። ቅርንጫፉ ተቆረጠ፣ ገመዱ ተቀየረ። በሦስተኛው ቀን ማታ ስለካ 12.6 አሳየኝ።