ጉሙን ሳታጠፉ ፎቶ ኤዲት ማድረግ

በጠዋት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ሐረጎ ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ታገኙታላችሁ። ወርዳችሁ ታነሳላችሁ። ማታ ስታዩት ግን አመድ የመሰለ ድፍርስ ነገር ነው። ነጭ ነበር እኮ! ካሜራ ፊቱ ያለውን ብርሃን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ይመዝናል፤ ጉምም ይሁን ነጭ ግድግዳ ለይቶ አያውቅም። እሱ ያላየውን እናንተ ትመልሳላችሁ። ኤዲት ለእኔ ይሄ ነው።

ከተቻለ በሮው አንሱ፤ ካሜራው ያየውን ሳያቀነባብር የሚያስቀምጥበት ጥሬ ፋይል ነው። የተለመደው የፎቶ ፋይል ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ባለ 14 ቢት ሮው ግን 16,384። ጉም ውስጥ ደግሞ ሁሉም ነገር በስሱ ልዩነት ነው የሚለየው።

ላይትሩም በሚባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራም ላይ መጀመሪያ ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም የፎቶውን ብርሃን፣ ከፍ አድርጉ፣ እስከ 1 ድረስ ብትሄዱም ችግር የለውም። ከዚያ ዲሄዝ አለ፤ ጉምን የሚቀንስ ወይም የሚጨምር ማንሸራተቻ ነው። ብዙ ሰው ወዲያው ወደ ቀኝ ይጎትተዋል። ተራራው ቁልጭ ብሎ ይወጣል፣ ጠዋቱ ግን አብሮ ይጠፋል። እኔ ወደ ግራ ነው የምስበው፣ 10 ያህል፤ ጉሙ ይወፍራል፣ ከኋላ ያሉት ባሕር ዛፎች ጥላ ብቻ ይሆናሉ።

አንድ ቀን አንዲት እናት ነጠላቸውን ተከናንበው ከጉሙ ሲወጡ አነሳሁ። ነጠላው ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ሙሉውን ፎቶ ወደ ቢጫ ብገፋው የጉሙ ብርድ ሊጠፋብኝ ነው። ስለዚህ የፎቶውን አንድ ክፍል ብቻ ለይቶ ማስተካከያ የሆነው ማስክ ውስጥ ገብቼ በብሩሽ ነጠላውንና ፊታቸውን ብቻ ቀባሁና ቴምፕሬቸሩን (የቀለሙን ሙቀት) ትንሽ ወደ ቢጫ አሞቅኩት። ስልክ ላይ ስናፕሲድ የሚባለው የኤዲቲንግ አፕም ብሩሽ አለው፤ ቴምፕሬቸር የሚለውን መርጦ በጣት መቀባት ነው።

ፊት ላይ ተጠንቀቁ። ጥላ ያረፈበትን በትንሹ አብሩ እንጂ ቆዳ አታንጡ። የእናቴን ፎቶ አንድ ስቱዲዮ አንጥቶ ሰጥቶን፣ ራሷ አይታ «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» ስትል ሰምቻለሁ። አሁንም ያናድደኛል።

ሲያልቅ ወዲያው አትለጥፉት። ቡና ጠጡ፣ ተመለሱ፣ በሌላ ስልክም እዩት። እኔ ወደዚያ የባለ ነጠላዋ እናት ፎቶ ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ። በመጨረሻ ያደበዘዝኩት የነጠላውን ጥለት ነው፤ ቀዩ ደምቆ ዓይንን ከፊታቸው ይነጥቅ ነበር።