ከጉሮሮ ካንሰር የጨረር ሕክምና በኋላ መብላትና መጠጣት ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

የጉሮሮ ካንሰር ታካሚ «መብላት አቃተኝ» ሲል ቤተሰቡ የሚሰማው አንድ ችግር ነው፤ ከዚያ አቤቱታ ጀርባ ግን ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ብዙ ችግሮች ሊኖሩ ይችላሉ። አንዱ አፉ ቆስሎ ያቃጥለዋል፤ ሌላው ምራቁ ደርቆ እህሉ ላንቃው ላይ ይጣበቅበታል፤ ሌላው ደግሞ የዋጠው ውሃ አቅጣጫውን ስቶ ወደ ሳንባው ይገባበታል። የአንዱ መፍትሄ ለሌላው ጉዳት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ለምሳሌ አፉ የደረቀበትን ሰው እፎይ የሚያሰኘው ቀጭን መጠጥ ትን ለሚለው ሰው አደገኛ ነው። ስለዚህ ወጥ ቤት ከመግባት በፊት ምልክቱን መለየት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሰፈረው አባታችንን ባስታመምንበት ጊዜ ከሐኪሞችና ከነርሶች የተማርነውና በቤታችን ሞክረን ያየነው ነው፤ የሐኪምን ምክር የሚተካ አይደለም።

አስቀድሞ ስለ ጊዜው መናገር ይገባል። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 5 ቀን እየተሰጠ 6 ወይም 7 ሳምንት ይፈጃል። ሕመሙ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ እየበረታ ይሄዳል፤ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ግን የመጨረሻው ጨረር ከተሰጠ በኋላም አንድና ሁለት ሳምንት ያህል መባሱን የሚቀጥል መሆኑን ነው። በአገራችን የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለነበርና ዛሬም ማዕከላቱ ጥቂት ስለሆኑ፣ ከክፍለ ሀገር የመጣ ታካሚ ሕክምናውን በጨረሰ ማግስት አውቶቡስ ይሳፈራል፤ ከሁሉም የከፋው ሳምንት የሚያገኘውም ሐኪሙ በሌለበት ነው። ከመሳፈሩ በፊት የሕመም ማስታገሻውን ቢያንስ ለአንድ ወር የሚበቃ ማዘዝ ይቻል እንደሆነ መጠየቅና ችግር ሲገጥም የሚደወልበትን ስልክ መቀበል ከስንቁ ይቀድማል።

ምልክት፦ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ሲዋጥ እንደ ምላጭ ይቆርጣል

ምክንያቱ የአፍና የጉሮሮ ውስጠኛ ሽፋን መላጡ ነው። ይህ ሽፋን በየጊዜው ራሱን የሚያድስ ስስ አካል ሲሆን ጨረሩ እድሳቱን ስለሚያቋርጠው ከሥሩ ያለው ጥሬ ሥጋ ይጋለጣል። ሕክምናው ካበቃ በኋላ ሽፋኑ እንደገና ይበቅላል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይወስዳል።

የመጀመሪያው መፍትሄ ቀላልና ርካሽ ነው። በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ፣ ነቅቶ ባለበት ሰዓት ሁሉ በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ፣ በተለይም ከምግብ በፊትና በኋላ መጉመጥመጥና መትፋት ነው። ውህዱ በየቀኑ አዲስ መበጥበጥ አለበት። በሱቅ የሚሸጡት አልኮል ያለባቸው የአፍ መጉመጥመጫዎች ግን ቁስሉን ስለሚያባብሱ አይነኩ። ሁለተኛው የማስታገሻው ሰዓት ነው፤ መድኃኒቱ ሥራውን ሳይጀምር ማዕድ ከቀረበ ታካሚው ሁለት ጊዜ ጎርሶ ይተወዋል፤ ስለዚህ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ መውሰድ ይሻላል። ሐኪም አፍ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ካዘዘ ደግሞ የደነዘዘ ጉሮሮ የምግቡን ትኩሳትም ሆነ ትን ማለትን በወጉ እንደማያውቅ ማስታወስ ይገባል። ኮዴይን፣ ትራማዶል ወይም ሞርፊን የተባሉትን ጠንካራ ማስታገሻዎች የሚወስድ ሰው ሆዱ መድረቁ ስለማይቀር የሆድ ማለስለሻውን ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ይጠይቅ።

ስለ ምግቡ ሲነሳ በርበሬና ሚጥሚጣ እንደሚያቃጥሉ ማንም ያውቃል፤ የሚረሳው የእንጀራው ኮምጣጣነት ነው። እኛም «አልጫ አቀረብንላቸው፣ ለምን አልበሉም?» እያልን ስንጨነቅ የከረምነው ቁስሉን የሚለበልበው ወጡ ሳይሆን ሦስት ቀን የቦካው እንጀራ መሆኑን ሳንረዳ ነበር። አፍለኛ እንጀራ በአልጫ መረቅ ፈትፍቶ እስኪሟሟ መተው፣ ወይም እንጀራውን ጨርሶ ትቶ ያለ በርበሬ የተፈጨ ነጭ ሽሮ ቀጠን አድርጎ መሥራት መፍትሄ ሆነልን። እህቴ ሽሮውን ከእሳት ካወረደች በኋላ በሻይ ማጥለያ ውስጥ በማንኪያ ጀርባ እየተጫነች ታሳልፈው ነበር፤ ማጥለያው ላይ የሚቀረው የሽንኩርትና የክክ ቅንጣት ለጤነኛ ሰው ምንም ያልሆነ፣ ለቆሰለ ጉሮሮ ግን እንደ ጠጠር ነው። ምግቡ ለብ ያለ ወይም የቀዘቀዘ ይሁን። ቲማቲም፣ ሎሚና ብርቱካን፣ ቆሎ፣ ደረቅ ዳቦ፣ አረቄና ሲጋራ ይቅሩ።

በምላስና በጉንጭ ውስጥ ነጭ ነጠብጣብ ከታየና ማቃጠሉ በድንገት ከጨመረ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም በሚያዘው ኒስታቲን ወይም ፍሉኮናዞል ይድናል። ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም ወይም ዳማከሴ አፍ ውስጥ መጭመቅ በቅን ልቦና የሚደረግ ቢሆንም ቁስል ላይ ቁስል ይጨምራል።

ምልክት፦ አፍ ይደርቃል፣ ምራቅ ወፍሮ እንደ ክር ይጎተታል

የምራቅ እጢዎች በጨረሩ መንገድ ላይ ስለሚገኙ ውሃማው ምራቅ ቀንሶ ወፍራሙ ይቀራል። ይህ እንደ ቁስሉ በሁለት ወር የሚድን አይደለም፤ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ እየተሻሻለ ሊሄድ ይችላል፣ አንዳንዱም ሰው ላይ በከፊል ይቀራል። መፍትሄው ውሃ በኮዳ ይዞ መዞር፣ እህሉን ሁሉ በመረቅ ማራስ፣ ሌሊት በመኝታ አጠገብ ብርጭቆ ማስቀመጥ ነው። ለደረቀ አፍ ገንፎ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ ለስላሳ ስለሆነ ብቻ ይስማማል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ቡናና ጫት ድርቀቱን ያባብሳሉ።

ከቤታችን ዕቃ ሁሉ ለዚህ የሚበጀው ተልባ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ያልተቆላ፣ ያልተፈጨ ተልባ በሁለት ብርጭቆ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ቀቅሎ፣ ፍሬውን አጥልሎ ጥሎ፣ የቀረውን ዝልግልግ ውሃ አቀዝቅዞ በትንሽ በትንሹ አፍ ውስጥ ማንከባለል አፍን ያለሰልሳል። በአውሮፓ ከተልባ የተሠራ የምራቅ ምትክ በፋርማሲ መሸጡን ስሰማ እናቴ ሳቀች።

ምራቅ ጥርስን ይጠብቅ ስለነበር አሁን ጥርስ በፍጥነት ይበሰብሳል። ለስላሳ ብሩሽ፣ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙናና የጥርስ ሐኪም ክትትል ያስፈልጋል። ጨረር ያረፈበት መንጋጋ በቀላሉ ስለማይድን፣ ከዓመታት በኋላም ቢሆን ጥርስ ከማስነቀል በፊት በዚያ በኩል ጨረር መወሰዱን ለጥርስ ሐኪሙ መንገር ግዴታ ነው።

ምልክት፦ ምግቡ አይጣፍጥም፣ ወይም ብረት ብረት ይላል

የምላስ ጣዕም ሕዋሳት ተጎድተው ነው፤ በጥቂት ወራት ውስጥ አብዛኛው ይመለሳል። ሥጋ ብረት ብረት ካለ በእንቁላል፣ በትኩስ አይብ ወይም በምስር መተካት፣ የብረት ማንኪያውንም በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መለወጥ ይረዳል። ዛሬ ያስጠላው ምግብ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ይሞከር።

ምልክት፦ ሲጠጣ ትን ይለዋል፣ ያስለዋል፣ ከጠጣ በኋላ ድምፁ ውሃ ውሃ ይላል

ከሁሉም በላይ ሊፈራ የሚገባው ይህ ነው። በምንውጥበት ቅጽበት ማንቁርት ወደ ላይ ተነሥቶ የመተንፈሻ ቧንቧው ይዘጋል፤ በጨረር ያበጠና የደነደነ ጡንቻ ግን ይህን በጊዜው ስለማይፈጽም ምግብና መጠጥ ወደ ሳንባ ይገባል። ይባስ ብሎ የጉሮሮው ስሜት ከደነዘዘ ሳል እንኳ ላይኖር ይችላል፤ ያን ጊዜ ፍንጩ እየተመላለሰ የሚመጣ ትኩሳትና የሳንባ ምች ብቻ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ታካሚ ከጠጣሩ ምግብ ይልቅ ንጹሕ ውሃ የሚያስቸግረው፣ ውሃ ፈጥኖ ስለሚወርድና የመተንፈሻ ቧንቧው እስኪዘጋ ስለማይጠብቅ ነው።

ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ በሻይ ማንኪያ እየተጎነጩ፣ አንዱን ጉንጭ ሁለት ጊዜ እየዋጡ፣ ሳያወሩና ቴሌቪዥን ሳይከፍቱ መብላት፣ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት አለመተኛት መሠረቱ ነው። ራስን ወደ ኋላ ቀና አድርጎ መጠጣት መንገዱን ስለሚከፍተው መተው አለበት። አገጭን ወደ ደረት ዝቅ ማድረግ የሚጠቅመው ሰው አለ፣ የማይጠቅመውም አለ፤ መጠጡን ምን ያህል ማወፈር እንደሚገባም እንዲሁ በራጅ እየታየ በሚደረግ የመዋጥ ምርመራ ወይም በመዋጥ ሕክምና ባለሙያ ቢወሰን ይመረጣል። ባለሙያው የሚያሳየውን እንቅስቃሴ በየቀኑ መሥራት ያስፈልጋል፤ ለሳምንታት ምንም ያልዋጠ ጉሮሮ እንደታሰረ እግር ይሰንፋልና።

እዚህ ላይ ስለ ጉርሻ ሳልናገር አላልፍም። ጠያቂ ይመጣል፣ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» ይላል፣ ታካሚውም አክብሮ አፉን ይከፍታል። አንድ ቀን አባታችን ከወንድማቸው እጅ የተቀበሉት ጉርሻ ጉሮሯቸው ላይ ቆሞ ፊታቸው እስኪጠቁር ድረስ ሳሉ። የጉርሻውን መጠንና ጊዜ የሚወስነው የሚውጠው ሰው ስላልሆነ፣ ትን ለሚል ሰው ከፍቅር ሁሉ አደገኛው ይህ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ምግብ የሚቀርበው ጠያቂ ሳይመጣ ወይም ከሄደ በኋላ ሆነ፤ አጎታችንም መጀመሪያ ቅር ቢላቸውም ኋላ ራሳቸው ለሌላው ጠያቂ ማስረዳት ጀመሩ።

ምልክት፦ ክብደት ይቀንሳል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ሲቆም ያዞረዋል

ሰውነቱ እየጠገነ ስለሆነ ፍላጎቱ ከወትሮው ይበልጣል። በግምት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን 30 ያህል ካሎሪና ከ1.2 ግራም ያላነሰ ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 1800 ካሎሪና 72 ግራም ፕሮቲን ማለት ነው። ይህን በሦስት ማዕድ መጨረስ ስለማይቻል በስድስት ወይም በሰባት መከፋፈል፣ መጠኑን ሳይሆን ኃይሉን ማሳደግ ይገባል። በግማሽ ሊትር ወተት 4 የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ወተት መበጥበጥና አጥሚቱን በእሱ መሥራት፣ በላዩም አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ መጨመር ይቻላል፤ ቅቤው ብቻውን 100 ካሎሪ ያህል ይሰጣል። የጾም ምግብ ለሚሻ ሰው የሱፍ ፍትፍት፣ በደንብ የተፈጨ ምስርና የለውዝ ቅቤ በወተት ምትክ ይሆናሉ፤ ሆኖም ለሕመምተኛ ጾም የማይገደድ መሆኑን የንስሐ አባቱ ራሳቸው ቢነግሩት ከቤተሰብ ሁሉ ቃል ይልቅ ይሰማል።

በየሳምንቱ በአንድ ሚዛን መመዘን ያስፈልጋል። በአንድ ወር ውስጥ ከክብደቱ ከመቶ 5 በላይ ከቀነሰ ሐኪሙ ስለ መመገቢያ ቱቦ ማንሳቱ አይቀርም። ቱቦው በአፍንጫ ወይም በሆድ በኩል ወደ ጨጓራ የሚገባ ሲሆን ብዙ ቤተሰብ የመጨረሻው ምልክት አድርጎ ይፈራዋል፤ እንደ እኔ አስተያየት ግን የሚያስፈራው ዘግይቶ መግባቱ ነው። ቱቦ እያለም ሐኪም እስካልከለከለ ድረስ ጥቂት ጥቂት መዋጥ አይቋረጥም።

ሙሉ ቀን ፈሳሽ መውሰድ ካልተቻለ፣ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ወይም ከአፍ ደም ከመጣ በዚያው ቀን፣ ትንፋሽ እየጮኸ መተንፈስ ካስቸገረ ደግሞ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው።

ምልክት፦ ከወራት በኋላ አፍ በደንብ አይከፈትም፣ ወይም ምግብ መሐል ላይ ይቆማል

የመንጋጋ ጡንቻ ሲደነድን አፍ ይጠባል። ሦስት ጣት አንዱ በአንዱ ላይ ሆኖ በፊት ጥርሶች መካከል ካልገባ ባለሙያ የሚያሳየውን የመክፈት ልምምድ መጀመር ይገባል፤ የቆየ ጥበት ለማላላት አስቸጋሪ ነው። ምግብ አንገት ሥር የሚቆም ከሆነ ደግሞ ጉሮሮው ጠባሳ ሠርቶ ጠብቦ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ይሰፋል። ይሁን እንጂ አዲስ የመጣ የመዋጥ ችግር ካንሰሩ መመለሱንም ሊያመለክት ስለሚችል ሳይታይ መታለፍ የለበትም። ችግሩ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ታካሚው መጀመሪያ ሥጋውን፣ ቀጥሎ ዳቦውን፣ ከዚያም ፍትፍቱን እየተወ ሾርባ ላይ ሲደርስ ቤተሰቡ ልብ ላይል ይችላል፤ ስለዚህ ለቀጠሮ ሲኬድ የትኛው ምግብ ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደቀረ በወረቀት ጽፎ መያዝ ሐኪሙን ከብዙ ጥያቄ ያድነዋል።