ሱፐርቻርጀር ያለው መኪና በአዳማ ሙቀት

ሚያዝያ ላይ አዳማ ውስጥ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ኮፈኑ በእጅ አይነካም። የእኔ ደግሞ ሱፐርቻርጀር ያለው ስፖርት መኪና ነው። ሱፐርቻርጀር አየሩን ጨምቆ ወደ ሞተር ይልካል፤ የተጨመቀ አየር ደግሞ ይግላል። ስለዚህ መቀዝቀዝ ያለበት ሞተሩ ብቻ አይደለም፣ የሚገባው አየርም ነው።

ብዙ ሰው የሚያየው የሙቀት ጌጁን ብቻ ነው። እኔም እንደዛው ነበርኩ። አንድ ቀን ከሞጆ ስመለስ ጌጁ መሃል ላይ ቆሞ መኪናው ጉልበት አጣ። ለካ የኢንተርኩለሩ (የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ክፍል) ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ሞታለች! ያንተም ኢንተርኩለር በውሃ የሚቀዘቅዝ ከሆነ፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይግል የራሱን የውሃ ጋን ክፈትና አስነሳ። ውሃው ካልተንቀሳቀሰ ፓምፑን ጠርጥር። አየር ይዞም ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ አቧራ። ከፊት ያሉት ራዲያተሮች ተደራርበው ስለሚቀመጡ መሃላቸው አፈርና ነፍሳት ይጠቀጠቃል። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ ቀስ ባለ ውሃ እጠብ። አንዴ ላቫጆ በኃይለኛ ግፊት ታጥቦልኝ የራዲያተሩ ስስ ክንፎች ተጣጠፉ። በጥርስ ብሩሽ እጀታ አንድ በአንድ ሳቀና እሁዴ አለቀ።

ኩላንት (ራዲያተር ውስጥ የሚጨመር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ላይ አትሰስት። ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅለው፤ የቧንቧ ውሃ ይቅርብህ። የራዲያተሩ ክዳን ጎማ ከደረቀም ቀይረው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል፤ ይህን የሚከለክለው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ሞተሩ እንደጋለ ግን እንዳትከፍተው፣ ፊትህን ነው የሚያገኘው።

ከፍጥነት መንገዱ ስትወጣ ወዲያው አታጥፋ። ሁለት ደቂቃ ነዳጅ ሳትረግጥ በሚኒሞ ይሥራ።