ነጥቡ የሁለቱም እኩልታዎች መፍትሔ ነው? ተክታችሁ አረጋግጡ

2ሀ − 3ለ = 12 እና ሀ + 2ለ = −1 ተሰጥተዋል እንበል። (3፣ −2) መፍትሔያቸው መሆኑን ለማወቅ ሀን በ3፣ ለን በ−2 ተኩ። አሉታዊ ቁጥር ስትተኩ ቅንፍ አትርሱ፤ ብዙ ስሕተት የሚመጣው ከዚህ ነው። 2(3) − 3(−2) = 6 + 6 = 12 ይሆናል፤ ቅንፉ ሲቀር ግን 6 − 6 = 0 ተብሎ ትክክለኛው ነጥብ ይጣላል። ሁለተኛው፦ 3 + 2(−2) = −1። ሁለቱም ስለሠሩ መፍትሔ ነው።

የመጀመሪያው ሠራ ብላችሁ ግን አታቁሙ። (0፣ −4) የመጀመሪያውን ያሟላል፤ በሁለተኛው −8 ስለሚሰጥ ይወድቃል። እያንዳንዱ እኩልታ በግራፍ ሲሣል ቀጥታ መስመር ነው፤ ይህ ነጥብ ያረፈው በአንዱ መስመር ላይ ብቻ ነው፣ መገናኛቸው ላይ አይደለም። አንዱ እንኳ ካልሠራ ሌላውን ማስላት አያስፈልግም።

የምትተኩት ደግሞ ራሳችሁ ባቃለላችሁት ላይ ሳይሆን መጀመሪያ በተሰጠው እኩልታ ላይ ይሁን፤ ስታቃልሉ የተሳሳታችሁት ካለ የሚጋለጠው እዚያ ነው።