የወርክሾፕ ብረት እንዳይባክን፦ ከቱቦላሬው እስከ ቁራሌው

ጥግ ላይ የተከመረው ቁርጥራጭ ሲገዛ በአዲስ ብረት ዋጋ ነው የተገዛው። ሲሸጥ ግን በውዳቂ ሒሳብ ነው። ስለዚህ ቁራሌውን ከመጥራት በፊት ክምሩን ማሳነስ ይቀድማል።

መጀመሪያ የሚቆረጠውን ሁሉ በወረቀት ላይ ያስፍሩ። ለበርና መስኮት ሥራ 2.20 ሜትር የሆኑ ስምንት፣ 1.50 ሜትር የሆኑ ደግሞ አራት ቁራጮች ያስፈልጋሉ እንበል። ቱቦላሬው፣ ማለትም ውስጡ ክፍት የሆነው የብረት ዘንግ፣ አንዱ 6 ሜትር ነው። ሁለቱን ልክ ለየብቻ ከቆረጡ ስድስት ዘንግ ይሄዳል። «1.50 እኮ ከአንድ ዘንግ አራት ይወጣል» የሚል አይጠፋም። አይወጣም! የመቁረጫው ዲስክ በእያንዳንዱ ቆረጣ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚበላ አራተኛው ያጥራል። ከአንድ ዘንግ ሁለት 2.20 እና አንድ 1.50 ካወጡ ግን አራት ዘንግ ይበቃል። የሚተርፈውም በዘንግ 10 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ሁልጊዜ ረጅሙን አስቀድመው ይቁረጡ፣ አጭሩን ከትርፉ ያውጡ።

ቀጥሎ፣ ሊያገለግል የሚችለውን ትርፍ በርዝመቱ ለይተው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡ፤ ልኩን በጠመኔ ይጻፉበት። ልኩ ያልታወቀ ቁራጭ ማንም አይፈልገውም፣ ሠራተኛው አዲስ ዘንግ ያነሳል። የመርካቶ ምናለሽ ተራ ሠሪዎች ከአሮጌ በርሜል ምድጃ ያወጣሉ። የእርስዎ ላሜራ ትርፍማ ገና አዲስ ነው።

ለሽያጭ የሚቀረውን እዚያው ማሽኑ ሥር በየበርሜሉ ይለዩ። አንዴ ከተደባለቀ በኋላ መልቀም ጊዜ ይፈጃል፣ ገዢውም በርካሹ ብረት ሒሳብ ነው የሚወስደው። ማግኔት ይያዙ። ተራ ብረት ይሳባል፤ አሉሚኒየም፣ መዳብና ነሐስ አይሳቡም። አንዳንድ እስቴንለስም አይሳብም፤ ከአሉሚኒየም የሚለዩት በክብደቱ ነው፣ ሦስት እጥፍ ያህል ይከብዳል። የሞተር ጥቅል ሽቦን ከብረቱ ጋር አይተዉ። መዳብ ብረት ውስጥ ከቀለጠ በኋላ ማውጣት እጅግ ከባድ ነው፣ ብረቱም በትኩሱ ሲዳመጥ ይሰነጠቃል። አሉሚኒየምን በተለይ ይንከባከቡት፤ መልሶ ማቅለጡ ከማዕድን ከማምረት 95 ከመቶ ያህል ያነሰ ኃይል ይፈልጋል።

የቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) ፍቅፋቂ ካለዎት በወንፊት ላይ አድርገው ዘይቱን ያንጠፍጥፉ፤ የተጣራው ዘይት እንደገና ይሠራል። ከዝናብም ይጠብቁት። እርጥብ ብረት የቀለጠ ብረት ያለበት ምድጃ ውስጥ ሲገባ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል። አፉ የተዘጋ ቱቦ፣ ጣሳ ወይም ሲሊንደርም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ ከክምሩ ውስጥ አይጨምሩት።

በመጨረሻ ሚዛን ይግዙ። በወሩ የተገዛውንና የወጣውን ቁርጥራጭ በኪሎ ይመዝግቡ። 500 ኪሎ ገብቶ 75 ኪሎ ከወጣ ብክነቱ 15 ከመቶ ነው። በሚቀጥለው ወር ቁጥሩ ካልወረደ የመቁረጫ ወረቀቱን እንደገና ይዩት።