«ቫይረሱ ጠፋ!» ከማለታችሁ በፊት

ጅማ ውስጥ ከንፈሩ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል የወጣበት ሰው «ምች መታኝ» ነው የሚለው። ከጓሮ ዳማከሴ ይቀነጠሳል፣ ይታሻል፣ ይቀባል። ከዚያ ተነስቶ «ይህን ቁስል የሚያመጣው ሄርፒስ የተባለው ቫይረስ ነው፤ እዚህ ቅጠል ውስጥ የቫይረሱን ኢንዛይም (ሥራውን የሚያከናውንለትን ፕሮቲን) ሥራ የሚያስፈታ ነገር አለ፣ እኔ አወጣዋለሁ» የሚል ተማሪ አይጠፋም። እኔም አንዱ ነበርኩ። ሐሳቡ አሪፍ ነው፤ መሰናከያው ግን ብዙ ነው።

አንደኛ፣ «ዳነልኝ» ማስረጃ አይደለም። የከንፈር ሄርፒስ ብዙውን ጊዜ ሳትነኩትም በአንድ ሁለት ሳምንት ይድናል። ቅጠሉን ለመምረጥ ምክንያት ይሆናችኋል እንጂ ከዚያ አያልፍም።

ሁለተኛው እኔ የወደቅሁበት ነው፦ ሴሉን ገድሎ «ቫይረሱን ገደልኩ» ማለት። ቬሮ የሚባሉ፣ ከጦጣ ኩላሊት የተገኙ ሴሎችን በሄርፒስ አስይዤ የቅጠሉን ጭማቂ ጨመርኩባቸው። በማግስቱ ብለካው የቫይረሱ ዲኤንኤ የለም ማለት ይቻላል። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፣ ጓደኞቼን ቡና ጋበዝኩ። ማታ ሳህኑን ማይክሮስኮፕ ስር ሳደርገው ሴሎቹ ተኮማትረው፣ ከሳህኑ ተነቅለው እንደ ገለባ ይንሳፈፋሉ። ቫይረሱ የሚራባበት ቤት ፈርሶበት ነው እንጂ መድኃኒት አግኝቶት አይደለም! በረኪናም እኮ ይህን ያደርጋል። ስለዚህ ቫይረስ በሌለበት ሳህን ላይም ሞክሩ። ግማሹን ሴል የሚገድለው መጠን፣ ቫይረሱን በግማሽ ከሚቀንሰው መጠን በስንት እጥፍ እንደሚበልጥ አስሉ። ሁለቱ ከተቀራረቡ እርሱት።

ሦስተኛው ታኒን የሚባለው፣ ፕሮቲን ላይ የሚጣበቅ የተክል ውህድ ነው። ጥሬ ሙዝ ስትነክሱ ምላሳችሁን አያደርቀውም? ታኒኑ የምራቃችሁን ፕሮቲን ስለሚይዝ ነው። የቅጠል ጭማቂ ውስጥም ሞልቷል፣ የሙከራ ቱቦ ውስጥ ያገኘውን ኢንዛይም ሁሉ ይይዛል። ከሄርፒስ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ኢንዛይም ላይ ሞክሩት። እሱንም ካቆመው ያገኛችሁት ማጣበቂያ ነው።

አራተኛው ላይ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። ንጹሕ የቫይረሱን ዲኤንኤ ፖሊመሬዝ (ዲኤንኤውን የሚያባዛለትን ኢንዛይም) ቱቦ ውስጥ አድርጋችሁ ለማነጻጸሪያ አሲክሎቪር የተባለውን የሄርፒስ መድኃኒት ብትጨምሩበት ምንም አይፈጠርም። መድኃኒቱ ተበላሽቶ አይደለም። አሲክሎቪር ወደ ሴል የሚገባው ተኝቶ ነው። ለመንቃት ፎስፌት የሚባሉ ሦስት ቁራጮች ሊለጠፉበት ይገባል። የመጀመሪያውን የሚለጥፍበት ታይሚዲን ካይኔዝ የተባለው የቫይረሱ የራሱ ኢንዛይም ነው፣ የቀሩትን ሁለቱን የሴሉ ኢንዛይሞች ይጨምሩለታል፣ ፖሊመሬዙን የሚያስቆመው ከዚያ በኋላ ነው። ቫይረስ የሌለበትን ሴል እምብዛም የማይጎዳውም ለዚሁ ነው። ተንኮሉ ደስ ይላል፤ ከሥራው ጀርባ የነበረችው ጌርትሩድ ኤሊየን እ.ኤ.አ. በ1988 ኖቤል ከተሸለሙት ሦስት ሰዎች አንዷ ናት። ቱቦ ውስጥ ከሆነ ሦስቱም ፎስፌት ያለበትን አሲክሎቪር ወይም ማንም እንዲቀሰቅሰው የማይጠብቀውን ፎስካርኔት የተባለ መድኃኒት ተጠቀሙ። አሲክሎቪርን የሚቋቋም ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ የሚለውጠው ያንኑ ካይኔዝ መሆኑንም አትርሱ። አዲሱ ውህዳችሁ በዚያው በር የሚገባ ከሆነ በሩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል።

አምስተኛ፣ «ሄርፒስ» አንድ ቫይረስ አይደለም። ሰውን የሚይዙት እንደ አቆጣጠሩ 8 ወይም 9 ናቸው፣ አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣውም አንዱ ነው። ሌተርሞቪር የተባለው መድኃኒት ከእነዚሁ አንዱ የሆነውን ሳይቶሜጋሎ ቫይረስን ያስቆማል፣ የከንፈሩን ሄርፒስ ግን አይነካውም። የትኛው ላይ እንደሞከራችሁ በስሙ ጻፉ።

ዶኪንግስ (ውህዱ ኢንዛይሙ ላይ እንዴት እንደሚገጥም በኮምፒውተር መገመት)? ኮምፒውተሩ ቆንጆ ቁጥር ሰጣችሁ፣ ጥሩ፤ ግምት ነው። የሄርፒስ ፕሮቲዬዝ (ፕሮቲን የሚቆርጠው ኢንዛይም) ለምሳሌ ሁለት ሁለት ሆኖ ሲጣመር ነው የሚሠራው። ብቻውን የቆመውን ስዕል ወስዶ ሲሞክር የከረመ ሰው አውቃለሁ፣ መብራት እየጠፋ እየመጣ ሦስት ሳምንት ፈጅቶበታል።

በመጨረሻም «ፈውስ» የምትለዋን ቃል ከርዕሳችሁ አውጡ። ቁስሉ ሲደርቅ ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ያን ጊዜ ዲኤንኤውን ስለማያባዛ ፖሊመሬዙን የሚያግድ መድኃኒት የሚይዘው ነገር የለም። ትኩሳት ወይም ጠራራ ፀሐይ ሲቀሰቅሰው እዚያው ከንፈር ላይ ይመለሳል፣ እናታችሁም እንደገና ወደ ዳማከሴው ይሄዳሉ።